ደወሉ ከመደወሉ በፊት ያሉት 24 ዙሮች

ከኦሎምፒክ ውድድሮች ሁሉ እንደ 10 ሺህ ሜትር የሚበደል የለም። በዳዮቹ ደግሞ እኛው ነን። ሜዳሊያ ያመጣልናል ብለን እንወደዋለን እንጂ አናየውም። ከ27 ደቂቃ ውስጥ የመጨረሻዋን አንድ ደቂቃ ቆመን እንጮህና ወደ ማኪያቷችን እንመለሳለን። ቴሌቪዥኑም ቢሆን አያከብረውም፤ ስድስተኛው ዙር ላይ ካሜራው ጦር ወርዋሪ ፍለጋ ይሄዳል፣ ሲመለስ ከፊት የነበረው ሰው ከኋላ ነው፤ በመሀል ምን እንደተፈጠረ የሚነግረን የለም።

መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። መሙ 400 ሜትር ነው፣ 25 ጊዜ ይዞራል። ከአንድ አገር ቢበዛ ሦስት ሰው ይሰለፋል። በዚህ ዘመን ኦሎምፒክ ማጣሪያ የለውም፣ በቀጥታ ፍጻሜ ነው። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ደወል ይደወላል። ወንዶች ከ1912 ጀምሮ፣ ሴቶች ከ1988 ጀምሮ በኦሎምፒክ ይሮጡታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «የእኛ ልጆች የሚያሸንፉት በመጨረሻው ዙር ነው፤ እስከዚያ ዝም ብሎ መከተል ነው» የሚል እምነት አለ። ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በመስመሩ ላይ ነው፤ 27:18.20 ለ27:18.29። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እንኳ የተለያዩት በ12 መቶኛ ሰከንድ ነበር። እነዚህ ሁለቱ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው በ9 መቶኛ ሰከንድ ተለያዩ። ያንን ያየ ሰው የመጨረሻውን መቶ ሜትር ብቻ ቢያስታውስ አይፈረድበትም።

ግን ሩጫውን ከመጀመሪያው ለሚያይ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው፤ ደወሉ ሲደወል ከፊት የቀሩት ለምን ጥቂት ሆኑ? የተቀሩት የት ገቡ? መልሱ ያለው ካሜራው ጦር ውርወራ ሲያሳየን በነበረባቸው ዙሮች ውስጥ ነው።

ለዚህ ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም። መሪው መስመሩን ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት ማየትና ያለፈውን ዙር ሰዓት ከእሱ ላይ መቀነስ ብቻ ነው። ሁሉም ዙር በ64 ሰከንድ ከተሮጠ ውድድሩ በ26:40 ያልቃል። በ65 ከሆነ 27:05፣ በ66 ከሆነ 27:30፣ በ69 ከሆነ 28:45። በየዙሩ የምትጨመር አንዲት ሰከንድ መጨረሻ ላይ 25 ሰከንድ ሆና ትመጣለች። ይህን የያዘ ሰው አሥረኛው ዙር ላይ ማን ደስ ሊለው ማን ሊጨንቀው እንደሚገባ ያውቃል። ዙሩ 69 ሆኖ ከዘገየ የሚደሰቱት 1,500 ሜትር የሚሮጡ፣ እግራቸው ፈጣን የሆነ ሰዎች ናቸው። 64 ከሆነ እነሱ ይጨነቃሉ።

ፓሪስ 2024 ላይ ዋሽንግተን ያለች እህቴ ከሥራ ቦታዋ በየዙሩ «ስንተኛ ነን?» እያለች ትጽፍልኝ ነበር። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እኛ ጋ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ «ስንተኛ ነን» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ስምንተኛ የሆነው ሰው ከመሪው አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። «ዙሩ ስንት ነው?» ማለት ነበረባት። እህቴ ስለሆነች ነው በዚህ ያበቃሁት።

በዚያ ምሽት በሪሁ አረጋዊ፣ ሰለሞን ባረጋና ዮሚፍ ቀጄልቻ እየተፈራረቁ መሩ። እኔ የነበርኩበት ካፌ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዘው የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ በቡና ሒሳብ ወረቀት ጀርባ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት አላስችል አለው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ሰከንድ ነዋ፣ ልጄ። 64፣ 64፣ 65፣ 64። ይኼ ጥሩ አይደለም።»

«እንዴ! ሪከርድ ሊሰበር ነው እያሉ አይደል?»

«ለሪከርድማ ጥሩ ነው።»

ልጁ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ትክክል ነበሩ። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 አሸነፈ፤ ዙር በዙር ሲካፈል 64 ሰከንድ ከትንሽ ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ ቤጂንግ 2008 ላይ ያስመዘገበው 27:01.17 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ተሰበረ፤ የሰበረው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም፣ ከአሥር በላይ ናቸው። በሪሁ በ26:43.44 ብር ሲያገኝ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26:43.46 ነሐስ ወሰደ። የእኛ ልጆች ውድድሩን ፈጣን አደረጉት፣ ግን ፈጣን እንደሆነ እኩል አስኬዱት። እኩል ፍጥነት ለተከታይ ሰው እንደ ሚኒባስ ነው፤ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ደወሉ ላይ ወራጅ አለ ይላል።

በማግስቱ «ለምን መሩ? ለምን አልጠበቁም?» የሚል ስድብ ስሰማ ነው የዋልኩት። የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚያገኝ ደግሞ በ2025 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አየን። ውድድሩ ተኛ፣ ዙሩ በአማካይ 69 ሰከንድ አለፈ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሆኖ ወደ መጨረሻው ደረሰ። ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየ በ28:55.77 ወርቁን ወሰደው፤ ዮሚፍ በ6 መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። ፓሪስ ላይ «ለምን አልጠበቁም» ያለው አፍ ቶኪዮ ላይ «ለምን ቀድመው አልወጡም» አለ። ያው ሰው፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የፍጥነት መለዋወጥ ነው እላለሁ። ሰውን የሚጥለው 64፣ 64፣ 64 አይደለም፤ 66 ተሮጦ ድንገት 61 የሚመጣበት ዙር ነው። እግር ከለመደው ምት ሲወጣ ትንፋሽ ይዛባል፤ ተከታዩ ክፍተቱን ለመዝጋት ይጣደፋል፣ ሲደርስ መሪው እንደገና ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰው አንድ በአንድ ይንጠባጠባል።

ሞስኮ 1980 ላይ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ያደረጉት ይህንን ነው። እየተቀባበሉ ሲመሩ፣ ሲያፈጥኑና ሲያቀዘቅዙ፣ ከሌላው ዓለም የቀሩት ፊንላንዳውያኑ ካርሎ ማኒንካና ላሴ ቪረን ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ቪረን ደግሞ በ1972ም በ1976ም ይህን ርቀት ያሸነፈ ሰው ነው። ምሩጽ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ተፈተለከ፤ 27:42.69። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ ሲያወድሰው የሚያስበው ያንን 300 ሜትር ነው። እኔ የማስበው ግን ከዚያ በፊት በየዙሩ የተቀየረውን ማርሽ ነው። መሐመድ ነሐስ አገኘ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ፤ የቶሎሳን ስም ስንቱ ያስታውሰዋል?

ሌላው መንገድ ግማሹ ላይ ቀይሮ አለመመለስ ነው። ፓሪስ 2003 በዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ሁለተኛውን 5 ሺህ ሜትር ሲያከሩት ቀነኒሳ ያንን ግማሽ ከ13 ደቂቃ በታች ጨረሰው። በዚያው ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አሸናፊ የገባው በ12:52 ነው። ማለትም ሰውየው 5 ሺህ ሜትር ሮጦ ሲያበቃ ለሌላ የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የሚሆን ሩጫ ጨመረበት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የኛ ነበሩ፤ የመጨረሻውን ዙር ብቻ ያየ ሰው ግን ሦስት ኢትዮጵያውያን ተከታትለው ሲገቡ እንጂ ሌላ ምንም አላየም።

ሴቶቹን በተመለከተ አንድ ውድድር ብቻ እንድመርጥ ቢፈቀድልኝ ሪዮ 2016ን እመርጣለሁ። ኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት ገና ከመነሻው ፍጥነቱን ከፍ አደረገችው፤ ከዚያ አልማዝ አያና ብዙ ዙር ሲቀር ብቻዋን ወጣችና 29:17.45 ገባች። ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ነው የቀነሰችው። ነሐስ ያገኘችው ጥሩነሽ ዲባባ እንኳ በሕይወቷ ፈጣኑን 10 ሺህ ሜትሯን የሮጠችው በዚያ ቀን ነው። በዚያ ውድድር ደወሉ ጌጥ ብቻ ነበር፤ ወርቁ ቀድሞ ሄዷል።

የዓለም ክብረ ወሰንን ካነሳሁ አይቀር፣ ኦሎምፒክ ላይ «ሰዓቱ ደካማ ነው» የሚሉትን አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ቼፕቴጌ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 26:11.00 ሲሮጥ ከፊቱ አሯሯጮች፣ ከጎኑ በመሙ ጠርዝ ላይ ፍጥነቱን የሚያሳይ መብራት ነበረው። ኦሎምፒክ ላይ አሯሯጭም መብራትም የለም። ነፋሱን የሚሰብርልህ ወይ የአገርህ ልጅ ነው፣ ወይ ማንም አይደለም። አቴንስ 2004 ላይ ቀነኒሳና ስለሺ ጉዳት ላይ የነበረውን ኃይሌን እየዞሩ ሲያዩና ፍጥነቱን ለእሱ ብለው ሲቀንሱ ያየ ሰው፣ ሦስት ሰው መሰለፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጠበቁት፣ አልሆነም፤ ከዚያ ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየውድድሩ «ውጣ! ወደ ውጭ ውጣ!» ብሎ ስክሪን ላይ የሚጮህ ሰው አለ። የአንድ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው። ሯጩ አንድ ሙሉ መስመር ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ ዙር ቢዞር በሁለቱ ኩርባዎች ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ ተጨማሪ ይሮጣል። አሥር ዙር እንዲህ ቢሄድ 76 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ64 ሰከንድ ዙር ሲሰላ 12 ሰከንድ። ብርና ነሐስ በ2 መቶኛ ሰከንድ በሚለዩበት ውድድር 12 ሰከንድ በነፃ ስጥ እያልከው ነው የምትጮኸው። ውስጠኛውን መስመር ይዞ ታፍኖ መሮጥ አደጋ አለው፤ ረግጠውት ሊወድቅ፣ መውጫ ሊያጣ ይችላል። ጥሩ ሯጭ የሚወጣው ኩርባው ሲያልቅ ቀጥታው ላይ ነው። እዚያ መውጣት ብዙም አያስከፍልም፤ እዚያ ላይ ከጮህክ ቅር አይለኝም።

የሚቀጥለው ኦሎምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው። በክረምት ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚሮጥ ውድድር እኛ ጋ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይታያል። ከእንቅልፍ ለመነሳት እስከ ደወሉ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ቢተኛ ይሻለዋል። የሚነሳ ግን እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ይቀመጥ፤ ካሜራው ወደ ጦር ውርወራ ሲሄድ ደግሞ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚቆጥረውን ሰዓት አይልቀቅ፣ እሱ አብሮ አይሄድም።