ሕዝብ የማያነበው ሕግ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የሚጸና ትእዛዝ ሲያወጣ በመንግሥት ጋዜጣ እንዲታተም ከ1935 (ዘመኑን በአውሮጳ አቆጣጠር እንሰጣለን) ጀምሮ ሕግ ያስገድደዋል። ያንኑ ፈቃዱን «የብሔራዊ ፀጥታ መመሪያ» ብሎ ሲፈርመው ግን የማሳተም ግዴታ የለበትም። የመመሪያው ስም በየፕሬዚዳንቱ ይለዋወጣል፤ ግብሩ ከትሩማን ጀምሮ ያው ነው።

በ1950 ለትሩማን የቀረበው ሰነድ ቁጥር 68 ሶቭየት ኅብረትን ለመቋቋም ከፍተኛ የጦር ግንባታ ያስፈልጋል አለ። የኮሪያ ጦርነት ተጨመረበትና በሦስት ዓመት ውስጥ የጦር ወጪው ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ቀረጡን የከፈለውና ልጁን ለጦርነት የላከው ወዝአደር ሰነዱን ሊያነብ የቻለው በ1975 ነው። ያውም ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ!

«ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጓድ አይጠፋም። ሬገን በሴፕቴምበር 1982 የፈረመው መመሪያ ቁጥር 57 የሚናገረው ስለ አፍሪካ ቀንድ ነው። ስለ አገራችንና ስለ ጎረቤቶቻችን ሲወሰን እንኳን የአካባቢው ሕዝብ የአሜሪካ መራጭም አልተጠየቀም። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የነበረው ደርግም ከዚህ በሽታ የጸዳ አልነበረም፤ የአባላቱን ሙሉ ስም ዝርዝር እንኳ ለሕዝብ ሳይገልጽ ነው ሥልጣን የያዘው።

በተለይ ልናተኩርበት የሚገባው በማርች 1983 የወጣው ቁጥር 84 ነው። ከፍተኛ የስለላ ምስጢር የሚያዩ ሠራተኞች፣ ቁጥራቸው ከመቶ ሺህ በላይ የሆነ፣ ሥራ ከለቀቁም በኋላ በዘርፉ የሚጽፉትን ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን አስቀድመው ለመንግሥት ምርመራ እንዲያቀርቡ ያዛል። ምስጢር ወጣ በተባለ ቁጥርም ሠራተኛው በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ እንዲፈተሽ መንገድ ይከፍታል። ቢሮክራቱ አፉን ብቻ ሳይሆን ብዕሩንም ለመንግሥት አስይዞ ጡረታ ይውጣ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ መመሪያ ለሕዝብ ተገልጾ ነበር። በመገለጹም ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ተነሡበት፤ ኮንግሬስ በዚያው ዓመት የቅድመ ምርመራውን ክፍል ለጊዜው አገደው፤ በፌብሩዋሪ 1984 ሬገን ራሱ ወደ ኋላ አለ። በካዝና ተቆልፈው የቀሩትን ግን ማን አይቶ ይቃወማቸው?

ድሉንም አናጋንነው። ከ1981 ጀምሮ ሠራተኞች ይፈርሙት የነበረ ሌላ ቅጽ ያንኑ የዕድሜ ልክ ሳንሱር ይዞ ነበር፤ መመሪያው ሲታገድ ቅጹን ማስፈረሙ አልቆመም።