ሰጋር ፈረስ ሲገዙ



የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ወደ ገጠር በተላከ ጊዜ፥ መኪና የሚያደርሰው እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ ነው። ከመቱ፥ ከጎሬ፥ ከሁሩሙና ከያዮ ከተሞች ጥቂት ራቅ እንዳሉ የቡናው ደን ይቀበልዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው፥ የዛፉ ሥርና ወንዙ የእግረኛና የእንስሳ መንገድ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ፥ የጎሬ ቡና በቡሬ በኩል እየወረደ በባሮ ወንዝ መርከብ ይጫን የነበረው በእንስሳት ጀርባና በሰው ጫንቃ ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው፥ የሚገዛው ጌጥ ሳይሆን እግር መሆኑን ይወቅ፤ በገደል አፋፍ ላይ የሚሰናከል ፈረስ የሚያሳጣው የደመወዝ ቁጠባ ብቻ አይደለምና።

ለመሆኑ ሰጋር የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው? በሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውን በአንድነት ስለሚያነሣ ጋላቢውን ከኮርቻው ላይ ያነጥረዋል። ሰጋሩ ግን አራቱን እግሮቹን በየተራ ስለሚያሳርፍ ጀርባው አይናጥም። ስግሪያ በልምምድ ይሻሻላል፤ ነገር ግን በዘርም ይወረሳል። በስዊድን ሊቃውንት መሪነት ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ለዚህ አረማመድ የአንዲት ዘረ መል ለውጥ ታላቅ ድርሻ እንዳላት አስረድቷል። ስለዚህ ቢቻል የእናቱንና የአባቱን አረማመድ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ዓይንን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ሁለቱም የፊት ሰኮናዎቹ የታመሙበት ፈረስ እንደ አንካሳ ራሱን አይነቀንቅም፤ ርምጃውን ያሳጥራል እንጂ። ያልለመደ ገዢ ይህን ልስላሴ መስሎት ገንዘቡን ይከፍላል። ይህ እንዳይደርስብዎ ፈረሱን በደረቅ መሬት ላይ በጠባቡ ያዙሩት፤ ሕመም ካለበት ሲዞር እግሩን ይቆጥባል። ቀጥሎም በሶምሶማ ያስኪዱት፤ ከፊት እግሮቹ አንዱ ታሞ እንደሆነ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ብድግ ያደርጋል። በመጨረሻም ዳገት አስወጥተው ትንፋሹን ያድምጡ።

ዕድሜውን ከባለቤቱ አፍ ሳይሆን ከፈረሱ አፍ ይስሙ። መካከለኞቹ የፊት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል፥ ቀጣዮቹ በ3 ዓመት ተኩል፥ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ በ5 ዓመቱ አፉ ይሞላል። በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ቦይ ብቅ ካለ 10 ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዚያ ሰኮናውን አንሥተው ያሽትቱ፤ ኢሉባቦር ዝናብ የማይለየው አገር ስለሆነ የሸተተ ሰኮና መበስበሱን ይነግርዎታል። በጀርባው ላይ ያለ ነጭ የጠጕር ቦታ የቀድሞ ገጣባ ምልክት ነው። በእግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰደሩ እብጠቶች ካዩ ግን ፈረሱን ትተው ይሂዱ።

መንገድዎ ወደ ደዴሳ ወይም ወደ ባሮ ቆላ የሚወርድ ከሆነ፥ በዚያ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለና ከመጓዝዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። በጥቃቅን ነፍሳት የሚዛመተውም የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ከበቅሎ ይልቅ በፈረስ ላይ ይከፋል፤ ሰጋር በቅሎ ለቆላ መንገድ የምትመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በገበያው ግርግር መካከል ደላላው «ሌላ ገዢ ቆሟል» ቢልዎ አይቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። ራስዎ ይጫኑት፥ ራስዎ ይቀመጡበት፥ ቁልቁለትና ጭቃም ይሞክሩት። ፈረሱ ሕመሙን በአንደበቱ ሊነግርዎ አይችልም፤ በአረማመዱ ግን አይዋሽም። ይህን አንብቦ የገዛ ሰው፥ እርሱም በሰላም ይደርሳል፥ እንስሳውም ከማይችለው ሸክም ይድናል።