ያውቁ ኖሯል? የጎረቤት እሳት በዲቾቶ መንገድ

ሎግያን፣ ሰመራንና ሰርዶን አልፈው ወደ ጅቡቲ የሚጓዙ ከሆነ ዲቾቶ ላይ መቆምዎ አይቀርም። ተሳቢውና ቦቴው መንገዱን ይዞ ተደርድሯል፤ ረዳቱ ጎማውን በመዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር፣ ጥላው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ጋደም ብሏል። ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ የመን፣ ሕዝባቸው አብዛኛው ሙስሊም የሆነ ጎረቤቶቻችን በታመሱ ቁጥር ወሬው ቀድሞ የሚሰማው እዚህ ሰልፍ ላይ ነው።

ከዲቾቶ አለፍ ሲሉ መንገዱ ለሁለት እንደሚከፈል ያውቁ ኖሯል? ቀኙ በጋላፊ ጅቡቲ ያስገባል። ግራው በኤሊዳርና በቡሬ አድርጎ አሰብ ያደርሳል። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በብዛት የሚመላለሰው በግራው ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ መኪናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞረ። ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል።

ግራው መንገድ አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደነበረስ? መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ለአዲስ ዓመት፣ የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬ ላይ ድንበሩን ከፈቱ። ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ። አሰብም በመካከሉ ሌላ ሥራ አግኝታ ነበር፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጦር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የየመንን ጦርነት ያካሄደው እዚያ ሰፍሮ ነው።

 

አፋር በሦስት አገር የተከፈለ አንድ ሕዝብ ነው፤ ወንድም ወዲህ፣ አጎት ወዲያ። ፈረንሳዮች በመጨረሻዎቹ የአገዛዝ ዘመናቸው ጅቡቲን ይጠሯት የነበረው «የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት» ብለው ነው። ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በ1984 ዓ.ም. የአፋር አማፅያን በታጁራና በኦቦክ በኩል ጦር አነሱ፤ ጥያቄያቸው የሥልጣን ድርሻ ነበር። ከፊሎቹ በ1987 ዓ.ም. ሲታረቁ የመጨረሻው ስምምነት እስከ 1993 ዓ.ም. ቆየ። ይህን ጦርነት የባዕድ አገር ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ለዲቾቶ ሰው አይቻለውም፤ የሞተውም የተሰደደውም ዘመዱ ነው።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር ጋር በ177.7 ተጣብቆ እንዳልተነቃነቀ ያውቁ ኖሯል? የእኛ ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ተነስቶ 100ን አልፏል። አበሉን በብር ተቀብሎ ጅቡቲ ወደብ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ምሳውን የሚገዛው በፍራንክ ነው። የዚህን ልዩነት ክብደት ማንም ባለሙያ ከእሱ የተሻለ አያስረዳም።

የጅቡቲ ከተማም በኛ ላይ ትደገፋለች። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ መብራት ታገኛለች፤ ከሶማሌ ክልል የተዘረጋ ቧንቧም የከርሰ ምድር ውኃ ያደርስላታል።

የሱዳኑን አል-በሽርን የጣለው ዐመፅ የዳቦ ዋጋ ያቀጣጠለው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. አትባራ በተባለች የባቡር ሠራተኞች ከተማ የአንድ ፓውንድ ዳቦ ሦስት ሲገባ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሥሩ ግን ጠለቅ ይላል፤ ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ሦስት አራተኛው ነዳጅ አብሯት ሄዷል። ሚያዝያ 3 ቀን አል-በሽር ወረዱ። ወታደሩንና ሲቪሉን ካሸማገሉት መካከል ኢትዮጵያዊው አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ይገኙበታል፤ ስምምነቱም ነሐሴ 11 ቀን ተፈረመ። ያ ሁሉ ልፋት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት፣ ከዚያም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፈነዳው ጦርነት መክኗል። ካርቱም ላይ ቤት ንብረት የነበረው ሰው መተማ ድንኳን ውስጥ ሲያድር ማየት ያማል።

ጅቡቲንና የመንን የሚለየው የባብኤል መንደብ ወሽመጥ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሆነስ? የየመን ሑቲዎች በኅዳር 2016 ዓ.ም. መርከብ ከጠለፉ በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ መዞር መረጡ። በዚህ መስመር የሚያልፈውም የመድን ክፍያው ናረበት። ያ ጭማሪ በማዳበሪያው፣ በዘይቱና በመለዋወጫው ዋጋ ላይ አርፎ በጋላፊ በኩል ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ስደተኞች ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው የመን እንደገቡ ያውቁ ኖሯል? አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የገቡትም ጦርነት ውስጥ ወዳለች አገር ነው፤ ሐሳባቸው ሳዑዲ መድረስ። ብዙዎቹ የሚያልፉት በዚሁ በአፋር በኩል ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከኦሮሚያ የመጡ ልጆች ናቸው። ሌሊቱን በእግር ይሄዳሉ፤ ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ከግራር ሥር ይጠለላሉ። እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ፣ እጃቸው ላይ በገመድ የታሰረ ሃይላንድ፣ ውስጡ ከግማሽ በታች ውኃ። ከጋላፊ ወዲያ ኦቦክ ድረስ ድንጋይና ጨው ነው፤ በጥም የቀሩት የተቀበሩት መንገዱ ዳር ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አብያን በተባለው የየመን ግዛት ዳርቻ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ከ70 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ከየመን ተስፋ ቆርጠው በዚያው ባሕር ወደ ኦቦክ የሚመለሱም አሉ። የሚሄደውና የሚመለሰው በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። የሚመለሰው «አትሂድ» ይላል፤ የሚሄደው ውኃ ይለምነዋል።