ከሕመም በኋላ ወደ ሜዳ መመለስ

የአካል እንቅስቃሴ ሰውነትን እንደሚያጠነክር የታወቀ ነው። ዘወትር የሚሠለጥን ስፖርተኛ ልቡ ይበረታል፤ ሳንባውም ብዙ አየር ማስገባትና ማስወጣት ይለምዳል። ይሁን እንጂ ይህ ብርታት ከበሽታ ሁሉ የሚከላከል ጋሻ አይደለም። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19 ደካማውን ብቻ ሳይሆን ብርቱውንም ይይዛሉ። ስፖርተኛው በታመመ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ወደ ልምምድ የምመለሰው መቼ ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ለመስጠት ቫይረስ በልብና በሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

አንድ ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ ልቡ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በሚገባ የሠለጠነ ሯጭ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ግን ይህ መጠን እስከ 30 ሊትር ሊደርስ ይችላል። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር የሚያስገባው ሳንባም በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ልብና ሳንባ ይህን ከባድ ሥራ የሚሠሩት ተባብረው ነው። ሳንባ ኦክሲጅንን ከአየር ወስዶ ለደም ያስረክባል፤ ልብም ደሙን ወደ ጡንቻዎች ይልካል። ከሁለቱ አንዱ ቢታወክ የሌላው ሥራ ይሰናከላል።

ልብ ራሱ ጡንቻ ነው። የእግር ጡንቻ በታመመ ጊዜ ሰው ተቀምጦ ሊያሳርፈው ይችላል። ልብን ግን ፈጽሞ ማሳረፍ አይቻልም፤ የሚቻለው ሥራውን ማቅለል ብቻ ነው። አንዳንድ ቫይረሶች በደም ተጉዘው የልብን ጡንቻ ይወርራሉ። ከእነዚህም መካከል ኮክሳኪ የተባለው ቫይረስ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስና ኮቪድ-19ን የሚያመጣው ቫይረስ ይገኙበታል። ሰውነት ወራሪውን ለመከላከል ሲታገል የልብ ጡንቻ ያብጣል፣ ይቆጣል። ሐኪሞች ይህን ሕመም የልብ ጡንቻ መቆጣት ይሉታል። የልብን ምት የሚመራው የኤሌክትሪክ ሞገድ በተቆጣው ጡንቻ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ሊዛባ ይችላል። ስፖርተኛው በዚህ ጊዜ በብርቱ ከሮጠ የልቡ ምት በድንገት ሥርዓቱን ሊያጣ፣ አልፎ ተርፎም ልቡ ሊቆም ይችላል።

እንቅስቃሴ ይህን ሕመም እንደሚያባብስ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ኮክሳኪ በተባለው ቫይረስ የተያዙ አይጦችን የሚመለከት ነበር። ከአይጦቹ ከፊሎቹ በውሃ ውስጥ እንዲዋኙ ሲደረግ የቀሩት እንዲያርፉ ተደረገ። በዋኙት አይጦች ልብ ውስጥ የተገኘው ቫይረስ ካረፉት ይልቅ እጅግ የበዛ ነበር፤ በልባቸው ላይ የደረሰውም ጉዳት የከፋ ሆነ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ሐኪሞች ትኩሳት ያለበትን ስፖርተኛ ከሜዳ እንዲርቅ የሚያዙት እንዲህ ያለውን ማስረጃ በማመዛዘን ነው።

በሰው ላይ ከደረሱት አሳዛኝ ምሳሌዎች አንዱ በስዊድን አገር የታየው ነው። በዚያ አገር ካርታና ኮምፓስ ይዞ በጫካ ውስጥ መሮጥ የተወደደ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ውስጥ በዚህ ስፖርት ከሚወዳደሩት ወጣቶች 16ቱ በድንገት ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር ከሚጠበቀው በላይ በሆኑት ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ተገኘ። የሕመሙ መነሻ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የተጠረጠረ በመሆኑ ነገሩ ቫይረስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ስፖርተኞቹ በሕመም ጊዜ ከልምምድ እንዲቆጠቡ በጥብቅ ተመከሩ፤ በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታትም እንዲህ ያለው ሞት ተቋረጠ።

በሳንባ ላይ የሚደርሰው ችግርም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሳንባ ውስጠኛ ክፍል በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሠራ ነው። ቫይረስ እነዚህን ከረጢቶች ሲያስቆጣ ፈሳሽ ይቋጥራሉ፤ ኦክሲጅንም ወደ ደም በቀላሉ አያልፍም። የአየር ቧንቧዎችም ከሕመሙ በኋላ ለሳምንታት እንደ ተቆጡ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ስፖርተኛው በብርድና በደረቅ አየር ሲሮጥ ሳል ያጣድፈዋል። በደጋ አገር የሚሠለጥን ሯጭ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ኦክሲጅን ብቻ ይይዛል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ኦክሲጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ይቋቋማል፤ ገና ያላገገመ ሳንባ ግን ይቸገራል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ግን ከመጠን በላይ መፍራት አይገባም። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ የሙያ ስፖርት ሊጎች ውስጥ በቫይረሱ ተይዘው የነበሩ 789 ስፖርተኞች የልብ ምርመራ ተደረገላቸው። የልብ ጡንቻ ወይም የልብ ሽፋን መቆጣት የተገኘባቸው 5 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አምስቱ እንዲያርፉ ተደረገ፤ የቀሩት በሰላም ወደ ውድድራቸው ተመለሱ። ስለዚህ አደጋው ጥቂቶችን የሚያገኝ ነው። ነገር ግን እነዚያ ጥቂቶች እነማን እንደ ሆኑ በመልካቸው ማወቅ አይቻልም።

ሕመሙ በጊዜ ከታወቀና በቂ ዕረፍት ከተገኘ ብዙዎች ይድናሉ። ለባየርን ሙኒክ ክለብና ለካናዳ ብሔራዊ ቡድን የሚጫወተው አልፎንሶ ዴቪስ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በኮቪድ-19 ከተያዘ በኋላ ቀላል የልብ ጡንቻ መቆጣት እንዳለበት በምርመራ ተገኘ። ዴቪስ በፍጥነቱ የታወቀ ወጣት ተጫዋች ቢሆንም ክለቡ ወዲያውኑ ከልምምድ አገለለው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በሚያዝያ ወር ወደ ጨዋታ ተመለሰ። በአሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋች የሆነው ኤድዋርዶ ሮድሪጌዝም በተመሳሳይ ምክንያት የ2020ን የውድድር ዘመን በሙሉ ዐርፎ በ2021 ተመልሷል። በጠቅላላው ሐኪሞች የልብ ጡንቻ መቆጣት ለያዘው ስፖርተኛ ሲያዙት የኖሩት ዕረፍት ከ3 እስከ 6 ወር የሚደርስ ነው፤ ቁርጡን የሚወስነው ግን የእያንዳንዱ ምርመራ ውጤት ነው።

እንግዲህ ስፖርተኛው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? አፍንጫው ብቻ የሚፈስ፣ ትኩሳት የሌለበት ሰው ቀላል እንቅስቃሴ ቢያደርግ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ የደረት ሳል ወይም ከባድ ድካም ካለበት ግን ማረፍ አለበት። ከሕመሙ በኋላ በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን ከወጋው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ትንፋሹ ከወትሮው በላይ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። ሐኪሙም የልብን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ ይመዘግባል፤ በደም ውስጥ ትሮፖኒን የተባለውን ፕሮቲን ይለካል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ልብን በአልትራሳውንድ ያያል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ በተጎዳ ጊዜ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ስለሆነ መጠኑ ሲጨምር ጉዳት መኖሩን ያመለክታል።

እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት ስፖርተኛም ቢሆን የሚመለሰው በደረጃ ነው። ለምሳሌ የብሪታንያ የስፖርት ሐኪሞች በ2020 እ.ኤ.አ. ለኮቪድ-19 ያወጡት መርሐ ግብር እንደሚከተለው ነበር። ስፖርተኛው ከሕመሙ መነሻ ጀምሮ ቢያንስ 10 ቀን ያርፋል፤ ልምምድ ከመጀመሩም በፊት 7 ቀን ምልክት ሳይታይበት መቆየት አለበት። ከዚያም በመጀመሪያ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ቀላል እንቅስቃሴ ያደርጋል። ምልክት ካልተመለሰበት ወደ 30፣ ወደ 45፣ ቀጥሎም ወደ 60 ደቂቃ ከፍ ይላል። ከ17ኛው ቀን በፊት ወደ ውድድር አይገባም። ከጊዜ በኋላ ሕመሙ ለቀለለላቸው ሰዎች አጠር ያሉ መርሐ ግብሮች ወጥተዋል፤ በደረጃ የመመለሱ ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

በእያንዳንዱ ደረጃ የልብን ምት መቁጠር ይጠቅማል። ለዚህም ሁለት ጣትን በእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ይበቃል። የአንድ ሰው ከፍተኛ የልብ ምት በግምት የሚገኘው ዕድሜው ከ220 ሲቀነስ ነው። ዕድሜው 16 ዓመት የሆነ ተማሪ ከፍተኛ ምቱ 204 ያህል ይሆናል። በመጀመሪያው ደረጃ ከዚህ 70 በመቶ፣ ማለትም ከ143 በላይ ባይደርስ ይመረጣል። ጧት ከመኝታው ሳይነሣ የተቆጠረው ምት ከወትሮው በግልጽ ከፍ ብሎ ከተገኘም ሰውነቱ ገና አላገገመም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁጥሩ ሳይሆን እውነቱን መናገሩ ነው። ወጣት ስፖርተኛ ቦታውን በቡድኑ ውስጥ እንዳያጣ በመስጋት የደረቱን ውጋት ሊደብቅ ይችላል። አሠልጣኙ ታመምሁ ያለውን ተጫዋች እንደ ሰነፍ ከቆጠረው ሌሎቹም ዝምታን ይመርጣሉ። ዝምታውም አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ሕመሙን የሚናገር ተጫዋች ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም፤ ጓደኛው ሲዳከም ያየ ተማሪም ለአሠልጣኙ ወይም ለመምህሩ መንገር ግዴታው ነው። በዕረፍት ያለፈ አንድ ወር በስፖርተኛ ዕድሜ አጭር ጊዜ ነው፤ የተጎዳ ልብ ግን በቀላሉ አይተካም። አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ የፈሰሰ እህል ሊለቀም ይችላል፤ ያለፈ ሕይወት ግን ተመልሶ አይለቀምም።