ከእንጨት የተሠራችው ሮኬት እና የ22 ዓመቱ አብራሪ

ማርች 1 ቀን 1945 (እ.ኤ.አ)፣ ደቡብ ጀርመን፣ ሆይበርግ የሚባል የወታደር ማሠልጠኛ ሜዳ። ሎታር ዚበር የሚባል የ22 ዓመት አብራሪ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተንጋለለ። አውሮፕላኗ ጎማ የላትም፣ መንደርደሪያም አያስፈልጋትም። ማማ ላይ ተደግፋ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ቆማለች። ጋጋሪን ጠፈር ሊሄድ ገና 16 ዓመት ይቀረዋል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ በሮኬት ቀጥ ብሎ ከመሬት የተነሳ ሰው የለም።

አውሮፕላኗ ባኸም 349 ትባላለች። ቅጽል ስሟ «ናተር» ነው፣ በጀርመንኛ የእባብ ስም።

ግን ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ያሰበው? በ1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በቀን፣ የእንግሊዝ ደግሞ በሌሊት እየመጡ የጀርመንን ከተሞችና የነዳጅ ፋብሪካዎች ይደበድባሉ። ጀርመን አሉሚኒየም አጥሯታል፣ ነዳጅ አጥሯታል፣ ከሁሉም በላይ ግን የሠለጠነ አብራሪ እያለቀባት ነው። የአየር ማረፊያዎቿም አልተረፉም። ኤሪክ ባኸም የተባለ ኢንጂነር ታዲያ «ከእንጨት እንሥራት፣ እንደ ሮኬት እንተኩሳት» የሚል ሐሳብ አመጣ። አየር ኃይሉ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተዋጠለትም። የኤስኤስ አለቃ ሂምለር ግን ወደደው፣ በቃ ሥራው ቀጠለ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ሲነሳ አራት ተጨማሪ ሮኬቶች ይገፏታል፣ ከሰከንዶች በኋላ ተላቀው ይወድቃሉ። መጀመሪያ ላይ የሚመራት ሰው ሳይሆን አውቶፓይለት ነው። ቦምብ ጣዮቹ አጠገብ ስትደርስ አብራሪው መሪውን ይረከባል፣ አፍንጫዋ ውስጥ የታጨቁትን ትንንሽ ሮኬቶች በአንዴ ይለቃል፣ አለቀ። ከዚያ አያሳርፋትም፤ ማሳረፍ ለመማር ጊዜ ይፈጃላ! አውሮፕላኗ በአየር ላይ ለሁለት ትገነጠላለች፣ እሱ በፓራሹት ይወርዳል። ውዱ ሞተርም በፓራሹት ይመለሳል፣ ለሌላ ጊዜ እንዲያገለግል።

ነዳጇ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ለቁስል ማጠቢያ የምትገዙትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ታውቁታላችሁ አይደል? ያ 3 በመቶ ገደማ ነው። የናተር ሞተር የሚጠቀመው ግን 80 በመቶ የሚሆነውን ነው። ይሄ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ ቢፈስ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አውሮፕላኗ ከምን እንደተሠራች አትርሱ።

ሰው ሳይሳፈርባት በተደረጉት ሙከራዎች ከፊሉ ከሽፏል፣ ከፊሉ ተሳክቷል። ፌብሩዋሪ 25 የሰው ምስል ተቀምጦባት ተተኮሰች፣ በደህና ወጣች፣ ምስሉም በፓራሹት ወረደ። ከአራት ቀን በኋላ ተራው የዚበር ሆነ። አራት ቀን ብቻ! ጦርነቱ እየተሸነፈ ነው፣ አለቆቹ ውጤት ይፈልጋሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ጥድፊያ ነው።

ናተር ተነሳች። ብዙም ሳትርቅ የመቀመጫው መሸፈኛ ተገንጥሎ በረረ። የራስ መደገፊያው ከሱ ጋር የተያያዘ ስለነበር ያኔውኑ የዚበር አንገት ሳይሰበር ወይም ራሱን ሳይስት እንዳልቀረ ይታሰባል። አውሮፕላኗ ግን አልቆመችም። በጀርባዋ ተገልብጣ ደመና ውስጥ ገባች፣ ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ወጣችና ኪሎሜትሮች ርቃ መሬት ላይ ተከሰከሰች። ከመነሳት እስከ መውደቅ 55 ሰከንድ ገደማ ነው የፈጀው። ዚበር አልተረፈም።

ሥራው ከዚያም በኋላ አልቆመም። በድምሩ 36 ገደማ ናተሮች ተሠርተዋል፣ አንዷም ግን ቦምብ ጣይ ላይ አልተኮሰችም። ጀርመን በሜይ እጇን ሰጠች። አሜሪካኖች የማረኳት አንዲት ናተር ዛሬም ድረስ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም እጅ ናት።