ከጁላይ 1 ወዲህና ወዲያ

በማርች 2023 ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ በተካሄደው የዓለም ጁኒየር የፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና በሴቶቹ የሽልማት መድረክ ላይ የቆሙት ሦስቱም የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበሩ። ወርቁን ጃፓናዊቷ ማኦ ሺማዳ፣ ብሩን ደቡብ ኮሪያዊቷ ሺን ጂአ፣ ነሐሱን ደግሞ ሌላዋ ጃፓናዊት አሚ ናካይ ወሰዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የክረምት ኦሊምፒክ ሚላን ላይ ሲካሄድ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ በበረዶው ላይ ነበሩ፤ ናካይ የነሐስ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። አንደኛዋ ግን የለችም። ጉዳት አልደረሰባትም፤ አቋሟም አልወረደም፤ እንዲያውም በ2024 እና በ2025 የዓለም ጁኒየር ዋንጫውን ደግማና ሠልሳ ወስዳለች። ልዩነቱ ሺን በማርች፣ ናካይ በኤፕሪል 2008 ሲወለዱ ሺማዳ የተወለደችው በኦክቶበር መጨረሻ መሆኑ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፊገር ስኬቲንግ የአንድ ተወዳዳሪ ዕድሜ የሚቆጠረው በውድድሩ ዕለት ሳይሆን በጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን ነው። የውድድር ዘመኑ የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። አሁን ባለው ደንብ ከዚያ ቀን በፊት 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ የቱንም ያህል ቢዘልል፣ በሲኒየር ደረጃ በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሊምፒክ አይሰለፍም። ጁኒየር ለመሆን 13 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ በነጠላ ውድድር 19 የሞላው ደግሞ ከጁኒየር ይወጣል። ሺማዳ ሚላን ላይ ውድድሩ ሲካሄድ 17 ዓመት ሆኗታል፤ በጁላይ 1 ቀን 2025 ግን ገና 16 ነበረች። አራት ወር ጎደላት። የሚቀጥለው ኦሊምፒክ በፈረንሳይ አልፕስ በ2030 ሲካሄድ 21 ዓመቷ ይሆናል።

ወላጆችና አሰልጣኞች «ዘንድሮ ጁኒየር ይቆይ ወይስ ሲኒየር ይውጣ?» ሲሉ የሚከራከሩት እንግዲህ በዚህ አጥር ውስጥ ነው። ምርጫ ተብሎ ይጠራል እንጂ አብዛኛውን የወሰነው የልደት ቀን ነው። ቀድሞ የሲኒየር በር በ15 ይከፈት ስለነበር አንድ ልጅ ሁለቱም ደረጃዎች ክፍት ሆነው የሚቆዩለት አራት የውድድር ዘመናት ነበሩ፤ 15፣ 16፣ 17 እና 18 ዓመቱ። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው።

በእነዚያ ዓመታት የሚመዘነው ምንድን ነው? በውጭ ሲታይ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። የሲኒየር ነጻ ፕሮግራም አራት ደቂቃ ነው፤ የጁኒየሩ ሦስት ደቂቃ ተኩል። በአጭሩ ፕሮግራም ጁኒየሮች አንዱን ዝላይ ራሳቸው አይመርጡም፤ የዘመኑ ደንብ ያዝዛቸዋል። ጁኒየር ወንዶች በዚሁ ፕሮግራም ባለ አራት ዙር ዝላይ አይፈቀድላቸውም፤ ሲኒየሮቹ ግን ያለ እሱ ወደ ሜዳሊያ መቅረብ ይቸግራቸዋል። ግማሽ ደቂቃ በወሬ ሲነሳ ምንም አይደለም። እግሩ በዝላይ ለዛለ ልጅ ግን የመጨረሻዋ ግማሽ ደቂቃ ውድድሩ የሚበላሽባት ናት።

ከደቂቃውና ከዝላዩ በላይ የሚከብደው የውድድሩ አደረጃጀት ነው። ግራንድ ፕሪ በሚባሉት ተከታታይ ውድድሮች፣ በአንድ የውድድር ዘመን በጁኒየሩም በሲኒየሩም መወዳደር አይቻልም። የጁኒየሩ ገና በነሐሴ አካባቢ ስለሚጀምር ውሳኔው በክረምቱ መሃል መቆረጥ አለበት፤ ማን በቁመት እንደሚመዘዝ፣ የማን ጉልበት እንደሚያምፅ ማንም በማያውቅበት ጊዜ ማለት ነው። የጁኒየር ቦታ የሚያከፋፍለው የአገሩ ፌዴሬሽን ነው፤ ወደ ሲኒየር ግራንድ ፕሪ ደግሞ የሚገባው በግብዣ ነው፤ ግብዣው የሚመጣው በደረጃና በነጥብ ነው። ሲኒየር ልውጣ ያለ ሁሉ አይጠራም። የጁኒየር ሜዳሊያ ጥሎ ወጥቶ በሲኒየሩ አንድም ግብዣ ያላገኘ ልጅ ያን ዓመት በትናንሽ ውድድሮች ይከርማል።

ጃፓን ውስጥ ጥያቄው አንድ መልክ አለው፤ አንድ ስኬተር ብቻ ባላት ትንሽ አገር ሌላ። ወደ ዓለም ሻምፒዮና አንድ አገር በአንድ ዘርፍ ከአንድ እስከ ሦስት ተወዳዳሪ ይልካል፤ ቁጥሩን የሚወስነው ያለፈው ዓመት ውጤት ነው። ጃፓናዊቷ ልጅ ሦስቱን ቦታ ከያዙት ጋር ከመጋፋት ጁኒየር ቆይታ ዋንጫ ብትሰበስብ ይሻላታል። የትንሿ አገር ልጅ ግን ዕድሜዋ እንደደረሰ ፌዴሬሽኗ ወደ ላይ ይገፋታል፤ እሷ ካልሄደች የአገሯ ባንዲራ አይታይም። እኔ የሚያሳዝነኝ የኋለኛው ነው፤ ልጅቱ የተጠየቀችው ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ኮታ ነው።

የአገር ውስጥ ደረጃ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ጋር አይገጥምም። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን ወደ ሲኒየር የሚያስገባው ፈተና እንጂ ዕድሜ አልነበረም። ስኬተሯ ሚሼል ኳን በ1992 ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አሰልጣኟ ፍራንክ ካሮል አንድ ዓመት ጁኒየር እንድትቆይ ፈልጎ ነበር። እሱ ለጉዳዩ ከከተማ ወጣ ሲል ሄዳ የሲኒየሩን ፈተና ወስዳ አለፈች። ሲመለስ የጠበቀው ያለቀ ነገር ነው፤ ካለፉ በኋላ በአገር ውስጥ ውድድር ወደ ታች መመለስ የለም። ካሮል ተቆጣ፤ ቢሆንም ሥራውን ቀጠለ። ኳን በመጀመሪያው የሲኒየር ብሔራዊ ሻምፒዮናዋ ስድስተኛ ወጣች፤ በ1994 የዓለም ጁኒየር ሻምፒዮን፣ በ1996 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ይህ ታሪክ በስኬቲንግ ዓለም እንደ ልጅ ጀብዱ ይወራል። እውነት ነው፣ ደፋር ነች። ግን እንዲህ ቸኩለው ወጥተው ስድስተኛም ሳይሆኑ የቀሩትን ማን ያስታውሳቸዋል?

በጃንዋሪ 2019 ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። አሊሳ ሊዩ በ13 ዓመቷ የአሜሪካ ሲኒየር ሻምፒዮን ሆነች፤ በታሪክ በዕድሜ ትንሿ። የአገሩ አንደኛ ግን ዓለም ሻምፒዮና መሄድ አልቻለችም። ወደ ዓለም ጁኒየር ሻምፒዮናም አልሄደችም፤ ባለፈው ጁላይ 1 ገና 12 ዓመቷ ስለነበር ለጁኒየርም አልደረሰችም። በቤቷ ከሁሉም በላይ፣ በዓለም ዓይን ከሁሉም በታች ነበረች።

የዕድሜ ወሰን ራሱ አዲስ ነገር ነው። ኖርዌያዊቷ ሶንያ ሄኒ በ1924ቱ የሻሞኒ ኦሊምፒክ ስትወዳደር 11 ዓመቷ ነበር፤ ከስምንት ስምንተኛ ወጣች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወርቁን ወሰደች። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት 15 ዓመትን ለዓለም ሻምፒዮናና ለኦሊምፒክ ያጸናው በ1996 ነው። ቀድመው ተወዳድረው የነበሩት ግን እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው፤ ከእነሱ አንዷ አሜሪካዊቷ ታራ ሊፒንስኪ ነበረች። በ1997 በ14 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1998 ናጋኖ ላይ በ15 ዓመቷ የኦሊምፒክ ወርቁን ከኳን እጅ ነጠቀች። ተሽቀዳድማ የወጣችውን ኳንን የቀደመቻት ከእሷም የምታንስ ልጅ ነች።

የጁላይ 1 ጭካኔ በደንብ የታየው ግን በጃፓናዊቷ ማኦ አሳዳ ላይ ነው። ዲሴምበር 2005 ቶኪዮ ላይ የሲኒየር ግራንድ ፕሪ ፍጻሜውን የዓለም ሻምፒዮኗን ኢሪና ስሉትስካያን አሸንፋ ወሰደች፤ የግራንድ ፕሪው የዕድሜ ወሰን ያኔ ከኦሊምፒኩ ዝቅ ያለ ነበርና። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ቱሪን ኦሊምፒክ መሄድ ግን አልቻለችም። በሴፕቴምበር 25 ቀን 1990 በመወለዷ በ87 ቀን አልፏታል። አሳዳ ምን አደረገች? በማርች ወደ ጁኒየር ወርዳ በዓለም ጁኒየር ሻምፒዮና ተሰለፈች፤ እዚያም በሃያ ቀን በምትበልጣት በደቡብ ኮሪያዊቷ በኪም ዩና ተሸነፈች። ቱሪን ላይ ወርቁን የወሰደችው የ24 ዓመቷ ሺዙካ አራካዋ ነበረች። አሳዳና ኪም እስከ ቫንኩቨር 2010 ኦሊምፒክ ጠበቁ፤ ያኔም ኪም ወርቅ፣ አሳዳ ብር።

ከዚያ በኋላ በሩሲያ የተጀመረው ስሌት የሁሉንም ሐሳብ ቀየረ። የሴት ልጅ ሰውነት ሳይለወጥ፣ ቀጭንና ቀላል ሳለች በአየር ላይ በፍጥነት ትዞራለች። ስለዚህ ልደቷ ከኦሊምፒክ ዓመት ጋር ከገጠመ በ15 ዓመቷ ታወጣታለህ፤ ካልገጠመ ጁኒየር ታቆያታለህ፤ ከእሷ በኋላ የምትመጣው ተዘጋጅታለች። ዩሊያ ሊፕኒትስካያ በሶቺ 2014 ኦሊምፒክ በ15 ዓመቷ የቡድን ወርቅ አገኘች፤ በ19 ዓመቷ የአመጋገብ መታወክ እንደነበረባት ተናግራ ውድድር አቆመች። አሊና ዛጊቶቫ በ2017 ጁኒየር ሻምፒዮን፣ በ2018 በመጀመሪያው የሲኒየር ዘመኗ በ15 ዓመቷ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ17 ዓመቷ ከውድድር ራሷን አገለለች። ዛጊቶቫ ወርቁን ካጠለቀች ከሳምንታት በኋላ፣ በማርች 2018 ሶፊያ ላይ፣ ጁኒየሯ አሌክሳንድራ ትሩሶቫ በአንድ ፕሮግራም ሁለት ባለ አራት ዙር ዝላዮች ዘለለች። የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ በፕሮግራሟ አንድም አልነበራትም። ታናናሾቹ ከላይኛዎቹ አስቸጋሪ ነገር ይሠሩ ነበር፤ ጁኒየር መቆየት መቆየት አልነበረም፤ ወረፋ መያዝ ነበር።

ከዚያ የሩሲያዊቷ የካሚላ ቫሊየቫ ጉዳይ መጣ። በመጀመሪያው የሲኒየር ዘመኗ፣ በዲሴምበር 25 ቀን 2021 የተሰጠ ናሙናዋ ትሪሜታዚዲን የተባለ የልብ መድኃኒት ተገኘበት፤ ውጤቱ የተሰማው በ2022ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ የቡድን ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነበር። 15 ዓመቷ ነበርና በፀረ አበረታች ሕጉ «የተጠበቀች» ከሚባሉት ውስጥ ነች። በነጠላው ወድቃ ተነሥታ አራተኛ ስትወጣ ዓለም ሁሉ አየ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2024 የአራት ዓመት እገዳ ወሰነባት። ዕድሜን የማሳደጉ ሐሳብ ከቤጂንግ በፊትም ነበር፤ ከቤጂንግ በኋላ ግን የሚቃወመው አነሰ። በጁን 2022 ታይላንድ ፉኬት ላይ የተሰበሰበው የስኬቲንግ ኅብረቱ ጉባኤ በ100 ድጋፍ፣ በ16 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው፤ በ2023–24 ወደ 16፣ በ2024–25 ወደ 17።

ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራውን ጨርሷል ብዬ ግን አላምንም። ለ15 ዓመት ልጅ የኦሊምፒክ በር ተዘጋ፤ ባለ አራት ዙር ዝላይ ግን አልተዘጋባትም። ሺማዳ ጁኒየር ሳለች ባለ አራት ዙር ቶሉፕም ባለ ሦስት ዙር ተኩል አክሰልም ትዘል ነበር፤ ይህን ሁሉ ይዛ በጃፓን ሲኒየር ብሔራዊ ሻምፒዮና ለተከታታይ ዓመታት ከሜዳሊያ አልወረደችም። ሸክሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚሸከሙበት ቦታ ነው። ደንቡ በእውነት የለወጠው የአሰልጣኞቹን ስሌት ነው። በ15 ዓመቷ ወርቅ አምጥታ በ17 ዓመቷ የምትጠፋ ልጅ ከእንግዲህ አታዋጣም። አሰልጣኙ ልጅቱ ካደገች በኋላም መዝለል እንድትችል አድርጎ ማሠልጠን አለበት፤ ይህ ደግሞ ብዙዎቹ ፈጽሞ ያልሞከሩት ሥራ ነው።

አሊሳ ሊዩ እዚህ ላይ ትመለሳለች። ቤጂንግ ላይ ተወዳድራ፣ በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ወስዳ፣ በ16 ዓመቷ «በቃኝ» ብላ ሄደች። ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ በራሷ ፈቃድ ተመለሰች፤ በማርች 2025 ቦስተን ላይ በ19 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ደንቡ ለእሷ አልደረሰላትም፤ የደረሰላት ራሷ የወሰደችው እረፍት ነው።

በወንዶች በኩል ነገሩ ቀለል ይላል፤ ዕድሜ ሲጨምር ጉልበት ይጨምርላቸዋል እንጂ አይወስድባቸውም። አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን በ2021–22 በጁኒየር ግራንድ ፕሪ ጀመረ፤ በጃንዋሪ በአሜሪካ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ፤ መራጮቹ የሌሎቹን የረጅም ጊዜ ውጤት መዝነው ለቤጂንግ ሳይመርጡት ቀሩ። በማርች ወደ ሲኒየር ዓለም ሻምፒዮና ሄዶ ዘጠነኛ ሆነ፤ በኤፕሪል ወደ ጁኒየር ተመልሶ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ወሰደ። በአንድ ዘመን ሁለቱንም በር ተጠቀመ። እንዲህ ያለ ዓመት አሁን የሚቻለው 17 እና 18 ዓመት ለሆነው ብቻ ነው።

ጥንዶቹ ግን ከሁሉም የተቸገሩ ናቸው። በጥንድ ስኬቲንግ ወንዱ አንሥቶ የሚወረውር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ይበልጣል፤ የጁኒየር ጣሪያውም ከነጠላው ተወዳዳሪ ከፍ ያለ ነው። ቢሆንም ሁለቱም በአንድ ደረጃ መግባት አለባቸው። ልጅቱ 17 ካልሞላት ሲኒየር አይሆኑም፤ ወንዱ የጁኒየርን ጣሪያ ካለፈ ጁኒየር አይሆኑም። በመካከሉ ያሉት ጥንዶች እየተለማመዱ ይጠብቃሉ፤ ወይም ተለያይተው እያንዳንዳቸው ዕድሜው የሚገጥም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።