የቃላት ስበት፦ ትርጉም በሒሳብ እንዴት ይሰላል?

በስልኩ የትርጉም መተግበሪያ ላይ «ሽፍታ አለብኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዐረብኛ ለሚናገረው ሐኪም ሊያስረዳ የፈለገው በቆዳው ላይ የታየውን ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል በጫካ ሸምቆ መንገደኛ የሚዘርፈውም ሰው መጠሪያ ነው። ሁለቱን አነባበባቸው ይለያቸዋል፤ ፊደላቸው ግን አንድ ነው። ታዲያ ማሽኑ የትኛውን ይመርጣል? የምርጫው ስሌት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ለፊዚክስ የቀረበ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ የብረት ብናኝ በማግኔት ዙሪያ መስመር ሠርቶ ሲሰለፍ ተመልክቶ፣ ኃይሉ በማግኔቱ አካል ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ስፍራም እንዳለ አሰበ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይህንን «መስክ» እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጥናት በቀመር ገለጸው። ብናኙ ወዴት እንደሚሳብ የሚወስነው ያለበት ነጥብ ነው።

ሐሳቡ ወደ ቋንቋ ጥናት የገባው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ዮስት ትሪየር እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቃል ብቻውን እንደማይቆምና ከጎረቤቶቹ ጋር ድንበር ተካፍሎ እንደሚኖር አስረዳ። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ አንባቢ ይህንን በ«ቀልብ» ያስተውለዋል። በዐረብኛ ልብን ይጠራል፤ በአማርኛ ግን ያ ስፍራ የ«ልብ» ስለሆነ «ቀልብ» የትኩረትንና የእርጋታን ድርሻ ይዞ ይኖራል። ትሪየር ቀመር አልነበረውም፤ «መስክ» ለእርሱ ምሳሌያዊ አነጋገር ነበር።

ቀመሩ የመጣው ቃላት በቁጥር መወከል ሲጀምሩ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ቃል የቁጥሮች ዝርዝር አለው፤ በተመሳሳይ አውድ የሚገኙ ቃላት ቁጥሮቻቸው ይቀራረባሉ። ለማስረዳት ያህል ብቻ ሁለት ቁጥር እንውሰድ፤ አንደኛው ለሕመም፣ ሁለተኛው ለዝርፊያ ያለውን ቅርበት ያመልክት። «ሽፍታ» 5 እና 5 ይሁን፤ ከመካከል ቆሟል ማለት ነው። «ቆዳ» 8 እና 0፣ «ጫካ» 0 እና 8 ይሁኑ። የ«ሽፍታ»ንና የ«ቆዳ»ን ቁጥሮች ጥንድ በጥንድ አባዝተን ስንደምር 40 እናገኛለን፤ ይህ የስበቱ መጠን ነው። ከ«ጫካ» ጋርም ውጤቱ ያው 40 ነው። ስለዚህ ሚዛኑን የሚደፋው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የተገኘው ጎረቤት ነው። «ቆዳ» ከተገኘ «ሽፍታ» ወደ እርሱ ይሳባል፤ እስከ መካከላቸው ድረስ ቢጠጋ 6.5 እና 2.5 ይሆናል፤ ወደ ሕመም አደላ ማለት ነው። እውነተኞቹ ማሽኖች ለአንድ ቃል በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮችን ይጠቀማሉ።

ከፊዚክስ ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ሆፕፊልድ እ.ኤ.አ. በ1982 እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች እርስ በርስ የሚጎታተቱ ነጥቦች ያሉትን መረብ አቀረበ። እያንዳንዱ ትውስታ በመረቡ ውስጥ እንደ ሸለቆ ነው፤ ጎዶሎ መረጃ ሲሰጠው፣ ኳስ ቁልቁል እንደሚንከባለል ሁሉ፣ ኢነርጂው ዝቅ ወዳለበት ቅርብ ሸለቆ ይወርዳል። ሆፕፊልድ የ2024ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ተጋርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በኦስትሪያ ሊንዝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የዛሬዎቹ የቋንቋ ማሽኖች ዋና ስሌት ከተሻሻለው የሆፕፊልድ መረብ ስሌት ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል።

ንጽጽሩን ከልክ በላይ መግፋት ግን አይገባም። የማግኔት መስክ በየትኛውም አገር በአንድ ሕግ ይገዛል፤ የትርጉም መስክ የሚቀዳው ከተሰበሰበ ጽሑፍ ነው። አማርኛን በመሰለ፣ በኢንተርኔት ላይ ጥቂት ጽሑፍ ባለው ቋንቋ ሸለቆዎቹ ጥልቀት ይጎድላቸዋል፤ ኳሱም በቀላሉ ወደ ተሳሳተው ይወርዳል። ከተሰበሰበው ውስጥ የታሪክና የዜና ጽሑፍ ከሕክምናው ከበዛ፣ «ሽፍታ» ገና ከመነሻው ወደ ዘራፊው ያጋድላል።

ስለዚህ በመተግበሪያ የሚጠቀም ሰው ቃሉን ብቻውን ባይጽፈው ይመረጣል። «በክንዴ ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ክንድን፣ ቆዳንና ማሳከክን በጎረቤትነት ያቀርባል። የወጣውን ዐረብኛ መልሶ ወደ አማርኛ ማስተርጎምም ስሕተቱን ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። የመድኃኒት መጠንንና የሥራ ውልን በተመለከተ ግን ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ሰው ያንብበው።